መስመሩ ዜሮን ሲሻገር

አንድ ማታ ላፕቶፔ ላይ አንድ ግራፍ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። የናሳዋ ፓርከር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፀሐይ ስትጠጋ የለካችው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ዳታው ለማንም ክፍት ስለሆነ አልፎ አልፎ እያወረድኩ አየዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና ስክሪኑን አፍጥጦ አየው። «እህቴ፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው እንዴ? ምንድን ነው እንዲህ የሚያዘልለው?» አለኝ። «አይ፣ መስኩ ራሱ ነው የሚዘለው» አልኩት። እሱ በዚህ ረክቶ ወደ ጉዳዩ ሄደ። እኔ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ደግሞ ጥያቄው ተገቢ ነበር። መንኮራኩሯ በዚያ ሰሞን ከፀሐይ 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበረች። ግራፉ የሚያሳየው ከመስኩ ውስጥ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ወይም ከፀሐይ ወደ ውጭ የሚያመለክተውን ድርሻ ብቻ ነው። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይሄዳል፤ መስኩ ወደ ፀሐይ ያመለክታል ማለት ነው። ከዚያ በድንገት ይነሳና ዜሮን ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል። ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፤ አንዳንዴም ብዙ ደቂቃ። ተመልሶ ዱብ ይላል። ትንሽ ጸጥ ይልና እንደገና ይዘላል። ዝላዩ በጅምላ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰሞን ይበዛል፣ ቀጥሎ ረጋ ያለ ጊዜ ይከተላል፣ ከዚያ ሌላ መንጋ ይመጣል። የማያውቅ ሰው አንድ ቦታ ሽቦ ላልቷል ቢል አይፈረድበትም።

ሳይንቲስቶቹ እነዚህን መገለባበጦች «ስዊችባክ» ይሏቸዋል። እኔ እዚህ እጥፋት እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለ እነሱ ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ማንበብና አንድ በአንድ በዓይን መከታተል ግን ለየቅል ነው። መስኩ እንዲህ በየጊዜው የሚገለበጥ ከሆነ፣ ለዓመታት ስናየው የኖርነው ያ ያማረ ጠመዝማዛ ሥዕል የትኛውን ቀን ነው የሚያሳየው?

ያማረው ጠመዝማዛ

ሥዕሉ የዩጂን ፓርከር ነው። መንኮራኩሯም በስማቸው የተጠራችው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ገና የ31 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ከፀሐይ ያለማቋረጥ ነፋስ ይወጣል፣ ፍጥነቱም ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል ብለው ጻፉ። ጽሑፉን የገመገሙት ሁለት ባለሙያዎች አይታተምም አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ግን ሒሳቡ ላይ የተጠቆመ ስህተት ስላላገኙ አሳተሙት። ለብዙዎቹ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ዓይነት ነበር። በቦታው ሄዶ የለካ አልነበረማ። እ.ኤ.አ. በ1959 የሶቪየት ሉና መንኮራኩሮች የመጀመሪያውን ፍንጭ አመጡ። በ1962 ደግሞ ወደ ቬነስ የተላከችው ማሪነር 2 መንገዷን ሁሉ ነፋሱን እየለካች ሄደች። ነፋሱ አንድም ቀን አላቋረጠም።

ጠመዝማዛው የሚመጣው እንዲህ ነው። ነፋሱ ፕላዝማ ነው፤ የተፈቱ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች። እንዲህ ያለ ፕላዝማ መግነጢሳዊ መስኩን ትቶት አይሄድም፤ ይዞት ይጓዛል። የመስኩ አንድ ጫፍ ግን ፀሐይ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ፀሐይ ደግሞ ትዞራለች፤ በወገቧ አካባቢ ዙሩ 25 ቀን ገደማ ይፈጃል። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይነፍሳል፣ ሥሩ ግን ይዞራል። ስለዚህ የመስኩ መስመር እየጎበጠ ይሄዳል። ምድር ያለችበት ርቀት ላይ ሲደርስ ከፀሐይ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ጥንካሬውም 5 ናኖቴስላ አካባቢ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ምድር ላይ ኮምፓስ ከሚያዞረው መስክ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። በወር ለክታችሁ አማካዩን ብታወጡ፣ ጠመዝማዛው ልክ ፓርከር እንዳሉት ቁጭ ይላል። አንዷን ደቂቃ ነጥላችሁ ብታዩ ግን መስኩ ሌላ ቦታ ሲያይ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ኋላ። ከፕላኔት እስከ ፕላኔት ያለው ባዶ የሚመስለው ቦታ በዚህ መወዛወዝ የተሞላ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ነገሩን እንደ ጫጫታ ነው ያዩት። አማካይ ሲወሰድ ይጠፋል፣ ሥዕሉ ይጠራል፣ አለቀ። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ «አለቀ» ነው።

ጥንካሬው ግን አልተነካም

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ግራፉን አልዘጋሁትም። ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመርኩ፤ የመስኩን ጠቅላላ ጥንካሬ። አቅጣጫውን ሳይሆን ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ብቻ የሚናገረውን።

ቀጥ ያለ ነበር ማለት ይቻላል።

ከላይ ያለው መስመር ከዜሮ በታች ተነስቶ ዜሮን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወረወር፣ ከታች ያለው ወደ 100 ናኖቴስላ በሚጠጋ ከፍታው ላይ ረግቶ ይሄዳል። እጥፋቱ ሲጀምርና ሲያበቃ አንዳንዴ ትንሽ ስርጉድ ይላል፣ መሐል ላይ ግን እንደነበረ ነው። ስክሪኑን አጉልቼ አንዱን እጥፋት ብቻ ለይቼ አየሁት። ያው ነው። ቀጣዩንም አየሁ። ያው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። መስኩ አልደከመም፣ አልበረታም። የዞረው አቅጣጫው ብቻ ነው። መስኩን እንደ ቀስት ካሰብነው፣ የቀስቱ ርዝመት እንዳለ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይሽከረከራል። ርዝመቱ ካልተቀየረ ደግሞ ጫፉ በዘፈቀደ የትም አይሄድም፤ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ሉል ገጽ ላይ ብቻ ነው። የተበላሸ መሣሪያ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት አይጠብቅም። ተራ ብጥብጥም ቢሆን ሦስቱን አቅጣጫዎች አስተባብሮ ጠቅላላ ልካቸውን እንዲህ አያስጠብቅም። የሆነ ነገር ይህን ልክ እየጠበቀ ነው።

ያ ነገር የመስኩ ውጥረት ነው። መግነጢሳዊ መስመር በፕላዝማ ውስጥ እንደተወጠረ ገመድ ነው፤ አንድ ቦታ ቢገፉት መታጠፉ በገመዱ ላይ ይሮጣል። ይህን ስዊድናዊው ሐነስ አልቬን እ.ኤ.አ. በ1942 በሒሳብ አሳዩ፤ በ1970 ደግሞ የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ሞገዱም በስማቸው ይጠራል። የአልቬን ሞገድ ዋና መታወቂያው ደግሞ መስኩና ፕላዝማው አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው። መስኩ ሲታጠፍ የፕላዝማው ፍጥነትም በዚያው ልክ ይለወጣል።

ስለዚህ ፍጥነቱን አመጣሁት። በየእጥፋቱ ላይ የነፋሱ ፍጥነት አብሮ ዘሏል። ነፋሱ በዚያ ሰሞን ዘገምተኛ ነበር፤ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ። እጥፋቱ ሲመጣ በዚህ ላይ በሰከንድ በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይጨምራል፤ አንዳንዴም ወደ መቶ ይጠጋል። ከሁሉ የገረመኝ ሁልጊዜ መጨመሩ ነው። ወደ ታች የሚዘል የለም። ሽቅብ ብቻ። መጀመሪያ ላይ አንድ የተደበቀ ምክንያት ያለ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ያው ሉል ነው። ሞገዱ የሚሮጠው ከፀሐይ ወደ ውጭ ነው። ቀስቱ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ የሉሉ አንድ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከጫፍ የተነሳ ነገር የሚሄድበት አንድ ወገን ብቻ ነው። የመስኩ ዝላይም የፍጥነቱም ዝላይ ወደ አንድ ወገን የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ግን ቀረኝ። ፀሐይ ሁለት ዓይነት ክልሎች አሏት፤ መስካቸው ወደ ውጭ የሚያመለክትና ወደ ውስጥ የሚያመለክት። መንኮራኩሯ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው እየተሻገረች ቢሆንስ? ያኔም መስመሩ ዜሮን ይሻገራል። መስኩን ብቻ በማየት ይህን መለየት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኤሌክትሮኖቹ የሚመጡት። ከኮሮና፣ ማለትም ከፀሐይ ውጫዊ ከባቢ፣ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመር ተከትለው ወደ ውጭ ይፈስሳሉ። መስመሩ በታጠፈበት ይታጠፋሉ። መንኮራኩሯ በእርግጥ ወደ ሌላ ክልል ተሻግራ ከሆነ፣ መስኩ ቢገለበጥም ኤሌክትሮኖቹ አሁንም ከፀሐይ እየራቁ ይታያሉ፤ ምንጫቸው ያው ፀሐይ ነውና። መስመሩ ራሱ ታጥፎ ከሆነ ግን፣ እጥፋቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ፀሐይ ሲመለሱ መታየት አለባቸው። የፓርከር መሣሪያዎች ያዩት ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ኤሌክትሮኖቹ መስመሩን አልለቀቁም። እጥፋቱን ተከትለው ለጥቂት ጊዜ ወደመጡበት አቅጣጫ ይሮጣሉ፣ ከዚያ መስመሩ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊርማ የሌለው ጫጫታ የሚመስለው ነገር ቅርጽ አለው። ልኩን የሚጠብቅ፣ ፍጥነትን አብሮ የሚያንቀሳቅስ፣ ኤሌክትሮኖችን በራሱ መንገድ የሚመራ እጥፋት ነው። አማካይ ስናወጣ የምናጠፋው ይህን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

በነገራችን ላይ እጥፋቶቹ በ2018 አልተገኙም። በ1970ዎቹ የተላኩት ሁለቱ ሂሊዮስ መንኮራኩሮች ከሜርኩሪ ምኅዋር ጥቂት ገባ ብለው ሲለኩ አይተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀችው ዩሊሲስም በፀሐይ ዋልታዎች ላይ ስታልፍ አግኝታቸዋለች። ልዩነቱ ብዛታቸውና ጉልበታቸው ነው። በሩቅ የነበሩት አልፎ አልፎ የሚታዩ ነገሮች ነበሩ። በቅርብ ሲታይ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆነው ተገኙ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ፓርከር የሙቀት መከላከያዋን ከፊት አድርጋ፣ ማግኔቶሜትሮቿን፣ ማለትም የመስክ መለኪያዎቿን፣ ከኋላ በረጅም ዘንግ ላይ ዘርግታ የሄደችው ወደ ሥሩ ነው።

ሥሩ ጋ ሲደረስ ግን ሁለት መልስ ተገኘ። አንደኛው እጥፋቶቹ እዚያው ፀሐይ ላይ ይወለዳሉ ይላል። በፀሐይ ገጽ ላይ ሁለት እግራቸውን የተከሉ የመስክ ቀለበቶች አሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ ወደ ህዋ የተከፈቱ መስመሮች። ሁለቱ ሲነካኩ ተቆርጠው እንደ አዲስ ይቀጠላሉ። ያን ጊዜ የተከፈተው መስመር ላይ ስብራት ይቀራል፣ ስብራቱም ወደ ውጭ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የአውሮፓዋ ሶላር ኦርቢተር ኮሮና ውስጥ የእባብ ጉዞ የመሰለ ጠማማ ቅርጽ በካሜራ ይዛለች፤ ብዙዎች ይህንኑ ስብራት ነው አሉ። እጥፋቶቹ በመንጋ መምጣታቸውም ይህን ሐሳብ ይደግፋል። የመንጎቹ ስፋት ወደ ፀሐይ ገጽ መልሰው ሲያሰሉት እዚያ ካሉት ትላልቅ የሚፈሉ ህዋሶች ጋር ይቀራረባል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለተኛው መልስ እጥፋቶቹ በመንገድ ነው የሚያድጉት ይላል። ከፀሐይ ተራ የአልቬን ሞገድ ይነሳል። ነፋሱ እየሰፋ ሲሄድ ዙሪያው ያለው ዋናው መስክ ከሞገዱ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ሞገዱ እንዲህ ከመስኩ ጋር ሲነጻጸር እየገዘፈ ይመጣል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ለመገልበጥ ይበቃል። ማንም ፀሐይ ላይ ማጠፍ አያስፈልገውም።

እኔ ወዴት አጋደልኩ? ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያው ነበር የሚማርከኝ፤ ታሪኩ ያምራል፣ ፎቶም አለው። አሁን ግን ሁለተኛውን ገፍቶ መጣል የሚቻል አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ፓርከር ከፀሐይ መሐል 19 የፀሐይ ራዲየስ ገደማ ላይ አንድ ድንበር ተሻገረች። ከዚያ ድንበር በታች የአልቬን ሞገድ ከነፋሱ ይፈጥናል፣ ከበላዩ ነፋሱ ይቀድመዋል። ከድንበሩ በታች ሙሉ ለሙሉ የተገለበጡ እጥፋቶች እያነሱ ታይተዋል። ሁሉም ፀሐይ ላይ ታጥፈው የሚወጡ ቢሆኑ በተቃራኒው በቀረብን ቁጥር ይበዙልን ነበር። ስለዚህ ዘሩ ከሥር ይመጣል፣ ጉልምስናው በመንገድ ነው የምለው። የመንጋውን ልክ የሚወስነው የፀሐይ ገጽ፣ የእያንዳንዱን እጥፋት መጠን የሚወስነው ጉዞው። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ ክርክሩ አላለቀም።

ጉልበቱ የት ይገባል?

ሰው «ታዲያ ይህ ለምን ይጠቅማል?» ሲለኝ ብዙ ጊዜ ስለ ምድር ነበር የማወራው። እሱም እውነት ነው። የነፋሱ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር፣ ወደ ሰሜን ከሚያመለክተው የምድር መስክ ጋር ተቆራርጦ ይቀጠላል፤ ለነፋሱ ጉልበት በሩ ይከፈታል። በሜይ 2024 በታየው ከባድ መግነጢሳዊ ማዕበል ወደ ደቡብ የሚያመለክተው መስክ 50 ናኖቴስላ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከመደበኛው ጠቅላላ ጥንካሬ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ያን ግን ያመጡት ከፀሐይ የተወረወሩ ግዙፍ የፕላዝማ ደመናዎች ናቸው። የአልቬን ሞገዶችም በፈጣን ነፋስ ውስጥ መስኩን ደጋግመው ወደ ደቡብ እያዞሩ ምድርን ለቀናት ሲነካኳት ይታያል፤ ግን በለዘብታ። በምድርና በፀሐይ መካከል፣ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ የቆሙት መንኮራኩሮች መስኩ ወዴት እንደዞረ ይነግሩናል። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ ከዚያ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማስጠንቀቂያችን እሱ ነው።

አሁን ግን ሌላ መልስ አለኝ። ነፋሱ ከፀሐይ ሲወጣ እየሰፋ ስለሚሄድ መቀዝቀዝ ነበረበት። ይቀዘቅዛልም፣ ግን ከሚጠበቀው እጅግ በዝግታ። ፍጥነቱም ከፀሐይ ከራቀ በኋላ ይጨምራል። ማነው የሚያሞቀው? ማነው የሚገፋው?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ሁለቱ መንኮራኩሮች የሚገርም አጋጣሚ አገኙ። ፓርከር ፀሐይ አጠገብ፣ ሶላር ኦርቢተር ደግሞ በቬነስ ምኅዋር አካባቢ ሆነው ከአንድ የነፋስ ጅረት ጋር ተገናኙ። መጀመሪያ ፓርከር ለካችው፤ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ጅረት ሶላር ኦርቢተር ጋ ደረሰ። አጥኚዎቹ በመነሻውና በመድረሻው ያለውን ኃይል አንድ በአንድ ደመሩ፤ የእንቅስቃሴውን፣ የሙቀቱን፣ የመስኩን። ከፀሐይ አጠገብ ግዙፍ የአልቬን ሞገዶች ነበሩ፣ እጥፋቶቹም ከእነሱው ናቸው። መድረሻው ላይ ሞገዶቹ እጅጉን ተመናምነዋል። ነፋሱ ደግሞ ፈጥኗል፣ መሆን ከነበረበትም በላይ ሞቋል። ከሞገዱ የጎደለውን ነፋሱ ላይ ከጨመረው ጋር ሲያስተያዩት ሒሳቡ ገጠመ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታተም ደጋግሜ አነበብኩት።

እስከዚያ ድረስ እጥፋቱን ነፋሱ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ነፋሱ ዋናው፣ መታወኩ ተጨማሪ። ያ ሒሳብ ግን የሚለው መታወኩ ነፋሱን ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ነው። መስመሩ ሲታጠፍ ጉልበት ይሸከማል፣ ሲቃና ያንን ጉልበት ለፕላዝማው ያስረክባል። ምድር ጋ ሲደርስ ነፋሱ ፈጣን፣ መስኩ በአንጻሩ የተረጋጋ ሆኖ የምናገኘው እጥፋቶቹ በመንገድ ሥራቸውን ሠርተው ስላለቁ ነው።

ይህ ለፈጣኑ ነፋስ በደንብ የታየ ነው። ያ ጅረት ከኮሮና ቀዳዳ፣ ማለትም የመስኩ መስመሮች ወደ ህዋ ከተከፈቱበት የኮሮና ክፍል፣ የወጣ ፈጣን ነፋስ ነበርና። ለዘገምተኛው ነፋስ ያው ሒሳብ ይገጥም እንደሆነ ገና ብዙ ሥራ አለው። ዘገምተኛው ነፋስ ውስጥም እጥፋት አለ፣ ግን ነፋሱ ከየት እንደሚወጣ እንኳ አንድ ስምምነት የለም።

ፓርከር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርባ አልፋለች፤ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር እየበረረች። ይህ ምኅዋር በየ88 ቀኑ ገደማ ወደዚያው ቦታ ይመልሳታል። ያ ጊዜ ግን ፀሐይ በከፍተኛ እንቅስቃሴዋ ላይ የነበረችበት ነው። ፍንዳታው ብዙ፣ መስኩ የተወሳሰበ፣ ንጹሕ ጅረት ለማግኘት አስቸጋሪ። እንቅስቃሴው እየበረደ ሲሄድ የኮሮና ቀዳዳዎቹ ይደላደላሉ፣ አንድን ጅረት ከሥሩ ተከትሎ መሄድም ይቀላል። ያን ጊዜ በዚያ ቅርበት፣ ከአልቬን ድንበር በታች ለረጅም ሰዓት የተለካ ዳታ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው የኤሌክትሮኖቹን ፋይል ነው። እዚያም ወደ ፀሐይ የሚመለሱ ከተገኙ፣ «በመንገድ ነው የሚጎለምሱት» ያልኩትን እንደገና ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።